ሚኒሶታ በር ላይ የቆመው መርዶ

አንባቢዎቼ፣ እናቴ መሞቷን ልነግራችሁ አይደለም ብዕር ያነሣሁት። እናት የማትሞትበት ቤት የለም። የምነግራችሁ አዮን በቀበርን ማግስት፣ አርብ ቀን፣ ከቀትሩ ጁሙዓ ሶላት እስከ ምሽቱ መግሪብ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሜንም አጣሁት ብዬ ስለቆረጥኩባቸው ሰዓታት ነው። ዛሬም በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሳልል አልነሣም።

አዮ በኦሮምኛችን እናት ማለት ነው። ከሚሴ ውስጥ አንዱ ቤት እማዬ ይላል፣ ሌላው አዮ ይላል፤ የእኛዋ አዮ ነበረች። እኔ ሉባባ እባላለሁ። ያኔም አሁንም ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ፤ በሌላው ቀን ከሚሴ ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ እውላለሁ። ከአፋር ነጋዴና ከደጋ ገበሬ ጋር ስትከራከር የኖረች ሴት ምላሷ አጭር አይሆንም። የእኔም ረጅም ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይመሰክርብኛል። ያን ዕለት ግን ይኸው ምላስ ከድቶኝ ነበር።

ወንድሜ አንዋር ሲወለድ ልቡ ላይ ቀዳዳ ነበረበት። ትንሽ ሲሮጥ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሲያለቅስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስድስት ዓመት ሲሞላው በጎ አድራጊ ሐኪሞች አይተውት፣ አሜሪካ ወስደን እናክመው አሉ። አብሮት የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። አባታችን ሞቷል፤ አዮ እኛን የት ትጣለን? ታናሽ እህቷ፣ አክስታችን፣ ይዛው ሄደች። «በስድስት ወር ይመለሳል» ተብሎ ነው ከእጇ የወጣው። ልቡ ተሰፋ፣ ተመስገን። ነገር ግን ክትትሉ ረዘመ፣ ቪዛው አለቀ፣ አክስቴም «ከሚሴ መልሼው ቢያመው ማን ያየዋል?» አለች። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። በኋላ እሷ ባል አግብታ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ እሱ ሚኒሶታ ቀረ። አዮ ከዚያ ወዲያ ልጇን በእኔ ስልክ መስታወት ካልሆነ በዓይኗ አላየችውም።

አርብ አርብ ይደውላል። እሱ ከእንቅልፉ ሲነሣ እኛ ከጁሙዓ ተመልሰን ምሳ በልተናል። የሚደውለው በአዮ ስልክ ነው፤ ያቺ ቁልፏ የተላጠ ትንሽዬ ስልክ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ስድስት ዓመቱ ላይ ቆመው ቀርተዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ ጢም ያበቀለ፣ እንደ ሕፃን ነው የሚያወራው። አጎታችንን ሐጂ ይማምን፣ ያን ሁሉ አገር የሚፈራውን ሽማግሌ፣ «አንተ ደህና ነህ?» ሲለው አዮ በሳቅ ትፈርሳለች። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አንዋር ግን ስለ ቦርከና ወንዝ፣ ስለ ጨፋ ሸንኮራ፣ ስለ ቤታችን ጓሮ ማንጎ ሲጠይቅ ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው።

አሁን ስለዚያች ወረቀት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ዳካ ይሏታል። በልጅነታቸው ገብተው ያለ መኖሪያ ፈቃድ ላደጉት የምትሰጥ ናት። ዜጋ አታደርግም፣ መኖሪያም አትሰጥም። የምትለው «ሁለት ዓመት አናባርርህም፣ እስከዚያ ሠርተህ ብላ» ነው። ሁለት ዓመቷ ከማለቁ በፊት መታደስ አለባት። ሳትታደስ ቀኗ ካለፈ ሥራ የለም፣ መከታም የለም። ከአገር ከወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም። አስፈቅዶ መውጣት ይቻላል ይላሉ፤ ለማስፈቀድም ግን መጀመሪያ እሷ በሕይወት መኖር አለባት።

አዮ ወረቀቷን እንደ ታማሚ ዘመድ ነበር የምትጠይቃት። ሰላምታ ሳትጨርስ «ታደሰች?» ትላለች። «ታደሰች አዮ» ሲላት «አልሐምዱሊላህ» ትልና ወደ ሌላው ወሬ ትገባለች። በዚያ ዓመት ግን መልሱ «ገና ናት» ሆነ። በጊዜ ነበር ያስገባው፤ መልስ ዘገየበት። ቀኗ አለፈ። የሚሠራበት መጋዘን «ስትታደስ ተመለስ» ብሎ አሰናበተው። ለአዮ አልነገራትም፤ ለእኔ ብቻ ነገረኝ።

«ሉቤ፣ እዚህ ሰው እየያዙ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ጠዋት ነው የሚመጡት፣ ጨለማ ሳለ። በር ይመታሉ። እኔ አልከፍትም። ማንም ቢመታ አልከፍትም።»

«አብሽር፣ አላህ አለ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አዮ ሐሙስ ጠዋት ሞተች። ብዙም አልታመመችም፤ ሦስት ቀን ደረቴን ወጋኝ አለች፣ በአራተኛው ለንጋቱ ሱብሂ ሶላት ስትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ፣ ወደቀች። ከአስር ሶላት በፊት ቀበርናት። በእኛ ሬሳ አያድርም። ቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ድንኳን ጣለ፣ ሴቶች ደጁን ሞሉት። እኔ እያለቀስኩ አንድ ነገር ጭንቅላቴን ይበላኝ ነበር። ነገ አርብ ነው። ነገ አንዋር ይደውላል።

ማታውን ሐጂ ይማም ቤተሰቡን ጓዳ ሰበሰበ። የአባቴ ወንድም ነው፤ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛም እሱ ነው። ሞት ሲደርስ ማን ይቆፍር፣ ማን መርዶ ይንገር የሚለውን የሚያዘው እሱ ነው።

«አይነገረው» አልኩ ገና ሳይጀምር። «ወረቀቷ እስክትታደስ ይቆይ። ከሰማ ይመጣል። ከመጣ አለቀለት፣ ተመልሶ አይገባም።»

«የእናትን ሞት ከልጅ ሸሽጎ ምን እስላምነት አለ?» አለኝ። «ዱዓ ያድርግላት እንጂ፣ ሰደቃ ያውጣላት እንጂ። ደግሞስ ነገ ደውሎ አዮን አገናኚኝ ሲልሽ ምን ልትይ ነው? ድምጿን ልታስመስዪ ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«እንግዲያው እኔው በስልክ ልንገረው።»

«መርዶ በስልክ?» አለ፤ ጓዳው ውስጥ ያሉት ሴቶችም አብረው «ውይ!» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም። አንዱ ክንዱን ይይዘዋል፣ አንዱ ውኃ ያጠጣዋል፣ ልሂድ ብሎ ሲነሣ መልሰው ያስቀምጡታል። መጣሁ ብሎ እንዳይከንፍ ከፈራሽ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። እዚያ የእኛ ሰዎች አሉ። ቅሬም አላቸው። ለሁሴን እደውላለሁ።»

ሁሴን የሰንበቴ ሰው ነው። በልጅነቴ በሬ ሲነግድ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ልጆቹ ሚኒሶታ ወሰዱት፤ እዚያ ያሉትን የእኛን አገር ሰዎች ሰብስቦ ቅሬ ያቆመው እሱ ነው። አንዋርንም መስጊድ ያገኘዋል።

«እሺ፣ ግን አጎቴ፣ ልጁ በር ሲንኳኳ አይከፍትም። ፖሊስ ይመስለዋል፣ ነግሮኛል።»

«ሁሴን ምኑ ነው ፖሊስ የሚመስለው?» አለ ሐጂ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሁለት ሴቶች ፈገግ አሉ። እኔም ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም። እውነት ለመናገር፣ የሁሴንን ያቺን አጭር ቁመትና በሂና የቀላ ጢም ሳስብ ለእኔም ፖሊስ አልመስል አለኝ።

መርዶ መቼ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ገና ሲነጋ። ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ፣ ደጃፍ ይቆማሉ። እዚያ ሲነጋ እዚህ ከጁሙዓ በኋላ ነው። ሁሴን «ከመነሣቱ በፊት እንደርሳለን፣ ሳይደውልላችሁ» ብሎ ቃል ገባ።

አርብ ወንዶቹ ከሶላት ሲመለሱ ሐጂ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መሀላችን አስቀመጠው። እኔ የአዮን ስልክ ብብቴ ውስጥ ይዣለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ከእጄ አልለየኋትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሞቅ ያለች ነበረች።

«ደረስን» አለ ሁሴን በሹክሹክታ። «አራት ነን። ብርዱ አይጣል ነው። ገና ጨለማ ነው፣ የመኪናዋን መብራት አብርተን ነው ያቆምናት፤ በረዶው ያንሸራትታል።»

«ምን ለብሳችኋል?» አልኩ ድንገት።

«ምን ይለበሳል? ካፖርት ነዋ። ጥቁር፣ ለሐዘን ብለን።»

ያኔ ነው የገባኝ። አራት ሰዎች፣ ጥቁር ልብስ፣ መስኮት ላይ የበራ የመኪና መብራት፣ ጎህ ሳይቀድ። ሐጂ ግን ገና አልገባውም።

«ቤቶች! ብለህ ተጣራ» አለው። እኛ አገር ማን በር ያንኳኳል? ከውጭ ቆመህ «ቤቶች!» ትላለህ፣ ከውስጥ «ማነው? ግባ!» ትባላለህ። በድምፅህ ያውቁሃል።

«ኧረ ሐጂ፣ እዚህ እንዲህ አይጮህም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል። አንኳኩ ነው የሚሉን ልጆቼ።»

«አታንኳኩ!» ብዬ ጮህኩ። ቃሌ ከመድረሱ በፊት ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። እንደገና ሦስት ጊዜ፣ ጠንከር ብሎ።

«ውስጥ ሰው አለ» አለ ሁሴን። «እግር ሰማሁ።»

«ስሙን ጥራው! በኦሮምኛ ጥራው! እኔ ነኝ በለው!»

አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ ብዙ ድምፅ ባንዴ መጣ፤ ሰው ይሮጣል፣ አንዱ «በመስኮት! በመስኮት ወረደ!» ይላል፣ ሁሴን «አንዋር! ያ አንዋር!» እያለ ይጣራል። አሁን ጎረቤት ቢሰማ ግድ አልሰጠውም። ግን ዘገየ። ስልኩ ተቋረጠ።

ጓዳው ውስጥ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን «ከመርዶ እንዴት በመስኮት ይዘለላል?» አለች።

ቆይቶ ሁሴን ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። መኖሪያው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ በረዶው ላይ ዘሏል። ዱካው እስከ መንገዱ ድረስ ይታያል፣ አንደኛው እግር ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው ከመስኮቱ ሥር ቀርቷል። መንገድ ላይ ሲደርስ ዱካው ጠፋ። እኔ በራሴ ስልክ ስደውልለት ደግሞ ሁሴን «ክፍሉ ውስጥ ይጮሃል፣ ስልኩን ጥሎት ነው የወጣው» አለኝ።

«ፖሊስ ጋ ሂዱና ሰው ጠፋብን በሉ» ያለችው አጠገቤ የተቀመጠች የሌላዋ አክስቴ ልጅ ናት።

«ከማን ሸሽቶ ለማን እንናገራለን?» አለ ሁሴን።

አንባቢዎቼ፣ አስቡት። በረዶ ላይ፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ፣ በልጅነቱ ልቡ የተሰፋ ልጅ ይሮጣል። የሚሮጠው ሊያቅፉት ከመጡ ሽማግሎች ነው። ፈልጉልን የሚባል አካል የለም፤ ቢያገኙት እነሱው ናቸው የሚፈራቸው። እኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ባሕር ማዶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ለቀስተኛ «አላህ ያጥናችሁ» ሲለን «አሚን» እንላለን። ውጭ ለተቀመጠው ሰው ምን ብለን እንንገረው? መርዷችን ልጁን አባረረው እንበል?

ሐጂ ይማም ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ተዋጊዎች ከተማችን የገቡ ጊዜ እንኳ ጥምጣሙን አስተካክሎ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

«አስቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር» አለኝ።

«ነግሬዎት ነበር» አልኩት። ላጽናናው አልቻልኩም። ተናድጄ ነበር፣ በእሱም፣ በሁሴንም፣ ሰውን ከበር ኳኳታ እንዲሸሽ በሚያደርግ አገርም። ከሁሉ በላይ አዮ ላይ ተናደድኩ፤ አንድ አርብ ብትቆይ ምን ነበረበት?

የአስር ሶላት አለፈ። ሁሴን እየደጋገመ ይደውላል፤ መስጊድ የለም፣ የድሮ መሥሪያ ቤቱ የለም፣ ጓደኞቹ ጋ የለም። እኔ ጥግ ይዤ ያ ረቢ እላለሁ። ቀብሩን ሳየው፣ ተገንዞ ሲመጣ፣ ሁሉን አስቤ ጨርሻለሁ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ብብቴ ውስጥ የአዮ ስልክ ጮኸች።

የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሣሁት።

«አዮ?»

እሱ ነው። እዚያው መሬት ተቀመጥኩ።

«ሉባባ ነኝ። የት ነህ? አንዋር፣ የት ነህ?»

«ሉቤ፣ መጡ» አለኝ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። «ጠዋት መጡ። አራት ናቸው፣ ጥቁር ልብስ። በር መቱ። ሮጥኩ። አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ ብዙ ዞርኩ። አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት ነኝ፣ እዚህ ይሞቃል። አንድ ሴትዮ ስልኳን ሰጠችኝ። በልቤ የማውቀው ቁጥር የአዮን ብቻ ነው።»

«እግርህስ?»

«እግሬን ተይው። አዮን አገናኚኝ።» ከዚያ ሳቀ፤ ያ ሳቁ ዛሬም አይወጣልኝም። «ስሚ፣ መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ አሰብኩ። ለምን እሮጣለሁ? ከያዙኝ ይልኩኛል። ከላኩኝ አዮን አያታለሁ። አይደል? እሷ ታለቅሳለች፣ ግን ትደሰታለች። አገናኚኝ፣ እኔ ልንገራት። መጣሁ ልበላት።»

ሐጂ አጠገቤ መጥቶ ቆሟል። ሴቶቹ ተሰብስበዋል። በዚሁ መሀል ከጨፋ ሮቢት የመጡ ዘመዶቻችን ድንኳኑ ደጃፍ ደረሱና የአዮን ስም እየጠሩ ዋይታቸውን ለቀቁት።

«ምንድን ነው?» አለ። «ማን ነው የሚጮኸው?»

«አንዋር፣ የጠዋቶቹ ፖሊስ አይደሉም።»

«ናቸው። አየኋቸው።»

«አይደሉም። ሁሴን ነው፣ የሰንበቴው ሁሴን። ከቅሬ ሰዎች ጋር ነው የመጣው።»

ከኋላው የሚሽከረከር ማሽን ይሰማል።

«ሁሴን በጨለማ ለምን ይመጣል?»

«መርዶ ሊነግርህ።»

«መርዶ ምንድን ነው?»

በስድስት ዓመቱ ከአገሩ የወጣ ልጅ መርዶ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ማንም አልነገረውም። እንግዲህ እኔ ላስተምረው ሆነ፣ በዚያች ሰዓት። «ሰው ሲሞት» አልኩት፣ «ዘመዱ ሩቅ ከሆነ፣ ብቻውን እንዳይሰማ ትልልቅ ሰዎች ማለዳ ይመጣሉ። ይዘውት ይነግሩታል። አብረውት ያለቅሳሉ። በእኛ አገር እንዲህ ነው።»

«ማን ሞተ?»

ቀና ብዬ ሐጂን አየሁት።

«ሐጂ ሞተ?»

ሐጂ ይማም ሰምቷል። «ምነው እኔን ባደረገው» አለና በጥምጣሙ ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

«ሉቤ፣ እሺ፣ አንቺ ካልቻልሽ አዮን አገናኚኝ። እሷ ትንገረኝ።»

«አዮ የለችም አንዋሬ። ትናንት ነው። አዮ ናት።»

አልጮኸም። ይጮሃል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸም። ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲላት ሰማሁ፤ ሴትዮዋ ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ተመልሶ «እመጣለሁ» አለኝ። ሕፃን የሚመስለው ድምፁ ጠፍቷል። «ዛሬ እመጣለሁ። ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣቸዋለሁ። ላኩኝ እላቸዋለሁ። መቃብሯ ጋ እመጣለሁ።»

ወንድሜን ለማየት ያልተመኘሁበት ቀን የለም። የከሚሴ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣ ይዞ ሲወርድ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። አሁን አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ና» ብለው ይመጣል፤ ልብሱን ሳይቀይር፣ በአንድ እግር ጫማ ይመጣል። አዮ ግን እንዲኖር ብላ ነው ከእቅፏ ያወጣችው። ሰጥታ የሄደችውን እኔ ተቀብዬ ልጣለው?

«አትምጣ» አልኩት።

ድንኳኑ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ዋይታው ቀነሰ። በእኛ አገር ለጠላትም ቢሆን ለቅሶ አትምጣ አይባልም። እኔ ለገዛ ወንድሜ፣ ለእናቱ ለቅሶ፣ አትምጣ አልኩት።

«አትምጣ። እሷ አፈሯ ውስጥ ናት፣ የትም አትሄድም። አንተ እዚያው ኑር። ወረቀቷ ስትታደስ፣ አስፈቅደህ፣ በበሩ ወጥተህ በበሩ የምትገባበት ቀን ሲመጣ ትመጣለህ።»

«ካልታደሰችስ?»

ሐጂ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። «ያ ኢልመ ኮ» አለው፣ ልጄ ሲለው በኦሮምኛ። «እህትህ ያለችህን ስማ። እኔ ነኝ ሽማግሎቹን የላክሁብህ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አንዋር ምን እንደመለሰለት አልሰማሁም። ሐጂ ግን «አንተ በለኝ ልጄ፣ እንደፈለግህ በለኝ» ሲል ሰማሁ።

ስልኩ እንዳይቋረጥ ሴትዮዋን በአንዋር አፍ ለመንናት፤ ያለበትን ቦታ ጠይቋት ነገረን፣ እኛ በሌላ ስልክ ለሁሴን ነገርነው። «ካፖርትህን አውልቅ» አልኩት ሁሴንን። «እበሩ ላይ ሆነህ ተጣራ። ማንም ይስማ።» ሐጂ በስልኩ ለአንዋር የቁርኣኗን ፋቲሓ ይቀራለታል፤ እሱ በሹክሹክታ ይከተለዋል፣ ያልረሳት እሷን ነበር። እንዲህ ሆነን ቆየን።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ፣ የበሬ ነጋዴ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

የሚኒሶታ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ። አንዋር ምን እንዳለ አላወቅሁም። የሰማሁት የሽማግሎቹን ልቅሶ ነው፣ ቀጥሎም የእሱን። እዚያ እነሱ፣ እዚህ እኛ፣ በአዮ ስልክ አንድ ለቅሶ ተቀመጥን። ባትሪዋ እስክትሞት አልዘጋናትም።

የእግሩ ሁለት ጣቶች በብርዱ ተጎድተው ብዙ አሰቃዩት፤ ግን ዳኑ። ወረቀቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይታ ታደሰች። የመጣች ቀን ሲደውልልኝ አለቀስኩ፤ «አዮ ትንሽ ብትቆይ» ብዬ ሳይሆን «ሁለት ዓመት ብቻ?» ብዬ። ገበሬ ከእኔ አንድ ልብስ ሲገዛ እንኳ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ይለኛል። ሰው ዕድሜውን ሁሉ እንዴት በሁለት ሁለት ዓመት ቆርጦ ይኖራል? አስፈቅዶ ስለመምጣቱም ጠበቃ ጠየቀ፤ «ይቻላል፣ ግን በዚህ ጊዜ አልመክርህም» አለው። እናም አልመጣም።

ያ ቀን ወጋችንን አላስጠላኝም። ሐጂ ልክ ነበር፤ ሰው ብቻውን መርዶ መስማት የለበትም። እኔም ልክ ነበርኩ። ሁለታችንም ልክ ሆነን ልጁን በመስኮት አዘለልነው። ከዚያ ወዲህ የከሚሴ ቅሬ ወደ ውጭ አገር መርዶ ሲልክ ሐጂ እኔን ያስጠራኛል። እናንተም ሩቅ ላለ ወገናችሁ ሰው ስትልኩ፣ እዚያ አገር በማለዳ በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእኛ ደግነት እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚመስል እኛ አናውቅም።

የአንዋርን በር አሁን የሚያንኳኳ የለም። ሊጠይቀው የሚሄድ ሁሉ ደረጃው ላይ ሆኖ «ቤቶች!» ይላል። ፎቁ ላይ የምትኖር አንዲት አሜሪካዊት አሮጊትም ለምዳዋለች አሉ፤ ሾርባ ስታመጣለት «ቤቶች!» ትላለች፣ በራሷ አፍ።

የአዮን ስልክ አሁንም ቻርጅ አደርጋታለሁ። አርብ አርብ ይደውላል። ሁለቱ ዓመት አልቆ እንደገና አስገብቷል፤ ሰላምታ ሳልጨርስ የምጠይቀውን ጥያቄ ከእናቴ ወርሻለሁ።

«ታደሰች?»

«ገና ናት» ይለኛል።

ይህን ስጽፍላችሁም ገና ናት።